በወንድና በሴት በር መሀል

ይኼን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው።

የሆነ ነገር ነው። በራሴ ላይ የሆነ። የማያምን ይለፈው፤ ኮሜንት ላይ መጥቶ እንዳይጨቀጭቀኝ።

ደግሞ "ጸሐፊው ወንድ ነው ሴት?" ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተጠየቅሁት እሱን ነው። በቃኝ!

ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ ስድስት ሰዓት። መንገድ ተዘግቶ ከርሞ በተከፈተ ሰሞን ከቢቸና ወደ ባሕር ዳር እየሄድሁ ነበር። አውቶቡሱ ለምሳ ሞጣ ላይ ቆመ። የቆመበትን ምግብ ቤት ስም አልጠራም...

"ቀትር ላይ ጋኔን ይወጣል" ይሉን ነበር የኔታ። እኔን ቀትር ላይ የሚያስፈራኝ ሰው ነው።

ከቢቸና ስነሳ ውሃ በአፌ አልዞረም። እንደ እኔ ያለ ሰው መንገድ ሲወጣ ውሃ አይጠጣም። ለምን? ሽንት ቤቱ ሁለት በር ብቻ ነዋ ያለው!

ሴቶቹ ጋ ስገባ "ኡ ኡ! ወንድ ገባ!" ይባላል። ወንዶቹ ጋ ስገባ ወሬያቸውን አቋርጠው ከእግር እስከ ራሴ ያዩኛል። አንድ ጊዜ ቢቸና ላይ ሁለት ጎረምሶች ተከትለውኝ ገብተው በሩን ዘጉብኝ። "እስቲ አሳየን" አሉኝ። የቀረውን አልነግራችሁም።

ጉንደ ወይን ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ነበር። ወንዶቹ በዚህ ጥሻ፣ ሴቶቹ በዚያ ጥሻ ገቡ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ጥሻም ለካ ወንድና ሴት አለው።

ሞጣ ስንደርስ ወገቤን ቀጥ አድርጌ መቆም አቅቶኝ ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት ግን ስለ ሪሃብ ልንገራችሁ።

ሪሃብ ጓደኛዬ ናት። የሞጣ ልጅ፣ ባጃጅ ነጂ። ፀጉሯን አጭር ትቆረጣለች፣ ድምጿ ወፍራም ነው፣ ከንፈሯ ላይ ጢም ቢጤ አለ። "ወንዳገረድ" ይሏታል። ጥር ላይ ጠፋች። ባጃጇ እዚያው ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ ተገኘ።

"አረብ አገር ኮብልላ ይሆናል" አለ ሰዉ፣ ወደ ጉዳዩም ሄደ። እናቷ እማማ ዘይዳ ብቻ ናቸው ጨርቅ የሚሸጡበትን ሱቅ እየዘጉ፣ በየሰዉ ደጅ እየዞሩ "ልጄን አይታችኋል?" ሲሉ የከረሙት።

እንግዲህ ሽንት ቤቱ ከግቢው ጀርባ ነው። ብሎኬት ነው። በግራ "ሴት"፣ በቀኝ "ወንድ" ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ሁለቱም ጋ ሰልፍ አለ። በሁለቱ መሀል ይርጋነሽ የሚሏት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሶፍት ታድላለች።

ቆምሁ። ወደ ግራ አየሁ። ወደ ቀኝ አየሁ።

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"የት ሊገባ ነው?" አለች አንዷ።

"የት ልትገባ ነው?" አለ አንዱ።

ያኔ አሮጊቷ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

"እርስዎ..." አለችኝ በሹክሹክታ። "ይምጡ።"

እርስዎ! እናቴን የምታህል ሴት! እውነቱን ልንገራችሁ? እንባዬ መጣ። "አንተ" ሳትል፣ "አንቺ" ሳትል፣ የማታቆስል ቃል ፈልጋ አገኘችልኝ ብዬ። የዋህ ነኝ።

"ለእናንተ የተሠራ አለ" አለች።

ከበርጩማዋ ተነሳች። ከጀርባዋ በር ነበረ።

ሦስተኛ በር። ምንም አልተጻፈበትም።

እስካሁን እንዴት አላየሁትም? ብዬ አሰብሁ። ግን ሽንት የወጠረው ሰው ጥያቄ አያበዛም። ገባሁ።

ቀዝቃዛ ነው። ንጹሕ ነው።

ሽታ የለውም...

ዝንብም የለም። ሞጣ ላይ፣ በቀትር፣ ሽንት ቤት ውስጥ፣ አንዲት ዝንብ የለችም!

ጥግ ላይ በርሜል አለ፣ ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል። ከተማው ግን ውሃ ጠፍቶበት ሰዉ ጀሪካን ተሸክሞ ሲንከራተት በመስኮት እያየሁ ነበር የመጣሁት።

ቀበቶዬን እየፈታሁ ወደ ታች አየሁ።

ወለሉ ድፍን ሲሚንቶ ነው።

ጉድጓድ የለውም።

እስቲ አስቡት። ለእኛ ብለው የሠሩት ሽንት ቤት ጉድጓድ የለውም!

ልወጣ ዞርሁ። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም።

ቀጭ...

ከውጭ ተቀረቀረ።

በሩን በጡጫ መታሁት።

"ሰው አለ።"

ሽንት ቤት ሲንኳኳ ውስጥ ያለ ሰው እንደሚለው ነው የተባለው። ግን ድምፁ የመጣው ከኋላዬ ነው። ከድፍኑ ግድግዳ ውስጥ።

ወፍራም ድምፅ። የማውቀው ድምፅ።

"...ሪሃብ?"

"ቀስ..."

"የት ነሽ?"

"ጠበበኝ" አለች። "መጀመሪያ ሰፊ ነበር።"

እጄን ዘረጋሁ። ስገባ እንደ ልብ ያዞረኝ ክፍል አሁን በግራም በቀኝም ትከሻዬን ነካኝ።

"ማነው ያስገባሽ? ሪሃብ! ማነው?"

"ሁሉም እያዩኝ ነው የገባሁት።"

ግድግዳው ደረቴን ሲጫነኝ ይሰማኛል። ከዚያ ያቺ ሹፌሮቹን ሁሉ በስድብ የምትረታ ሪሃብ፣ እንደ ሕፃን...

"እናቴ ትምጣልኝ።"

ያኔ ሽንቴ አመለጠኝ። አዎ፣ ሸናሁ። ሱሪዬ ላይ። ደስ ይበላችሁ!

እየሸናሁ ጮህሁ። "ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ሰው!" አልሁ።

ያወጣኝ ምንይሉ ነው፣ የአውቶቡሱ ረዳት። ተሳፋሪ ጎድሎበት ሊፈልገኝ መጥቶ ነው። በር ሲከፈት አልሰማሁም። ብቻ በሸሚዜ ኮሌታ ሲስበኝ ፀሐይ ላይ ነኝ። ፊቴ ብሎኬቱ ላይ ተለጥፏል።

"ግድግዳ አቅፈህ ምን ትሠራለህ?" አለኝ።

"በሩስ?"

"የምን በር?"

በር የለም። በ"ሴት" እና በ"ወንድ" መሀል ያለው ድፍን ግድግዳ ነው። የሸሚዜ ሁለት ትከሻ ግን ተቦጫጭቆ ሲሚንቶ ለብሷል።

ይርጋነሽ በርጩማዋ ላይ ናት። ቀና ብላ አየችኝ።

"ምነው ቶሎ ወጡ?" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ወደ ሰልፎቹ ዞርሁ።

"አይታችሁኛል!" አልሁ። "ስገባ ሁላችሁም አይታችሁኛል! በሪሃብም እንደዚሁ ነው ያደረጋችሁት!"

ሴቶቹ መሬት መሬት አዩ። አንድ ጎልማሳ ቀበቶውን እያጠበቀ "እኛማ ተገላገልን ብለን ነበር" አለ።

ሳቁ።

ጥርሳችሁ ይርገፍ!

አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ፤ ይሂድ። በረጠበ ሱሪ እየሮጥሁ እማማ ዘይዳ ሱቅ ገባሁ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? "ሪሃብ ትጠራዎታለች" ብቻ አልሁ።

የት ናት አላሉኝም። ሱቁን እንደተከፈተ ጥለው ተከተሉኝ።

ግቢው ውስጥ ሰልፉን ሰንጥቀው አለፉ። ይርጋነሽን "ተነሺ!" አሏት። ተነሳች። እማማ ዘይዳ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ።

"ልጄ... መጣሁ።"

እኔ የሰማሁት ነገር የለም። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። የሚያዳምጥ ሰው እንደሚነቀንቀው።

እኔ ከማገዶው ክምር ሥር መጥረቢያ አንሥቼ መጣሁ። የምግብ ቤቱ ባለቤት "ንብረቴን!" እያለ ይጮኻል። ልሰነዝር ስል እማማ ዘይዳ ክንዴን ያዙኝ።

"ተይ... ተው... የኔ ልጅ" አሉኝ። "እንዳትመታብኝ።"

መጥረቢያው ከእጄ ወደቀ።

እሳቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ። "እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አሉ። ሰልፈኛው የዘረጉትን እግር እየተራመደ ወደየበሩ ገባ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ምግብ ይዤላቸው ሄድሁ። እዚያው ናቸው። ተቀምጠው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ነፋሱ ሻሻቸውን ገፎ ሽበታቸው ይታያል።

ልቀሰቅሳቸው ጎንበስ ስል...

ከድፍኑ ብሎኬት ውስጥ እጅ ወጣ። እስከ ክርኑ። ጥፍሩ ውስጥ የባጃጅ ዘይት ጠቁሯል።

ሻሹን ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ሳበው። ጫፉን ከጆሯቸው ኋላ ከተተው። ጉንጫቸው ላይ ትንሽ ቆየ።

ግራና ቀኝ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያያል። ተራው እንዳያልፈው ማንም ከሰልፉ አልወጣም።