በገዛ እግሬ የገባሁበት ቤት

እንግሊዝኛ አምሮኝ እንዳይመስላችሁ። እኔ ዲሪቤ ያማረኝ አስተማሪው ነበር።

ሸዋንግዛው ጣሊያን ሳይገባ ጎሬ ተምሮ የመጣ፣ መቱ ላይ በአባቴ መጋዘን ቡና የሚመዝን ዝምተኛ ልጅ ነው። ጣሊያኖቹን ስለምንፈራ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ጆንያ ስር ደብቆ ከሰዓት በኋላ ያስተምረኝ ነበር።

አንድ ቀን «ቱ» የምትባል ቃል አመጣብኝ።

«ከኋላዋ የቦታ ወይም የሰው ስም ከመጣ ‹ወደ› ማለት ናት። ‹ቱ ጎሬ›፣ ወደ ጎሬ። ግስ ከመጣ ግን ሌላ ናት። ‹ቱ ራይት›፣ መጻፍ።»

«እንግሊዞች ቃል ቸገራቸው እንዴ?»

ሳቀ። «ከኋላዋ ባለው ቃል ላይ ‹ትናንት› በይበት። ‹ትናንት ጻፍኩ› ይባላል። ‹ትናንት ጎሬኩ› ይባላል?»

«ጎሬኩ!» ብዬ ሆዴን ይዤ ስስቅ፣ ዓይኑ ፊቴ ላይ ቀረ። እኔም ሳቄን ረሳሁት።

በሳምንቱ አባቴ ለጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሊድሩኝ ቃል መስጠታቸውን ሰማሁ። ሮጬ መጋዘን ገባሁ።

«ሽማግሌ ላክ!»

«ዲሪቤ፣ እኔ ቡና መዛኝ ነኝ። ሰውዬው ለጣሊያኖቹ አንድ ነገር ቢናገርብን አባትሽም እኔም እንታሰራለን።»

«ትወደኛለህ?»

አቀረቀረ። ኧረ የወንድ ያለህ! ግስና ስም ሲለይ የሚውል ሰው ቡናውን መመዘን ቀጠለ። ተናድጄ ወጣሁ፤ አልቅሼም ነበር።

በእኛ በኦሮሞዎች አሴና የሚባል ወግ አለ። ልጅቱ ራሷ የምትወደው ሰው ቤት ገብታ ትቀመጣለች፤ ማስወጣት ነውር ነው። በነጋታው ጠዋት የሸዋንግዛው እናት እትዬ ፈትለወርቅ ጎመን ሲከትፉ ቤታቸው ዘው ብዬ ገባሁና ተቀመጥኩ።

«ምን ፈለግሽ ልጄ?»

«ልጅዎን።»

ቢላዋው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው አለበሱኝና ሸዋንግዛውን አስጠሩት።

ቀትር ላይ አባቴ ደረሱ፤ ከኋላቸው አስተርጓሚው በበቅሎ ሆኖ ከሁለት ባንዳዎች ጋር። መንደርተኛው በሩ ላይ ተሰበሰበ።

«ውጪ!» አለ አስተርጓሚው።

«አባኮ፣ ማንም ጎትቶ አላመጣኝም» አልኩ አባቴን። «በገዛ እግሬ ገባሁ። ሌላ ባል አላገባም።»

አባቴ ወደ ሸዋንግዛው ዞሩ። «አንተስ አፍ የለህም?»

ፊቱ አመድ መስሏል። «እወዳታለሁ ጋሼ» አለ። ከዚያ ድምፁ እታች ገበያ ድረስ የሚሰማ ሆነ፤ «ቢያስሩኝም እወዳታለሁ!»

አባቴ በሩ መሃል ቆሙ።

«የገባች ልጅ አትወጣም» አሉት አስተርጓሚውን። «ቃሌን ያጠፍኩ እኔ ነኝ፤ ካሰርክ እኔን እሰር።»

መንደርተኛው አንድ በአንድ ከጎናቸው ቆመ። ባንዳዎቹም ያገር ልጆች ናቸውና መሬት መሬቱን አዩ። አስተርጓሚው ግራ ቀኙን ቢያይ የሚከተለው አጣና በቅሎውን አዙሮ ሄደ።

ሙሽራ እልል አትልም ይላሉ። እኔ ግን ማንንም ሳልጠብቅ አቀለጥኩት!