ሳጥኑ ሰው ዋጠ

«ኧረ ሳጥኑ ሰው ዋጠ!»

ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ ሊፍቱ ሲዘጋ አይቶ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ሲጮህ የአብዱረሕማን ቪዲዮ ቤት በሳቅ ተናጋ። የትናየትም ሳቀች። አጠገቧ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ትዝ ያላት ሳቋ ካመለጣት በኋላ ነው። ዘወር ብላ አየችው። ኪዳን ከሁሉም አስበልጦ እየሳቀ ነበር፤ ጉልበቱን በጥፊ ይመታል፣ ዓይኑን ግን ከስክሪኑ አይነቅልም።

ሰውዬው ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቆላ ሲወርድ መኪና ተሳስቶ አዲስ አበባ የገባ የወሎ የቀን ሠራተኛ ነው። ብቅ ካለ ጀምሮ ይወድቃል፣ ከመስታወት በር ጋር ይላተማል። አነጋገሩን ደግሞ አንድም የወሎ ሰው በማይናገረው መንገድ ይጎትተዋል። የትናየት ይህን ታውቃለች። የኪዳን አባት ጋሽ ትዕዛዙ ከወሎ ለአጨዳ መጥተው መተማ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሷም ጎረቤታቸው ስለሆነች ንግግራቸውን እየሰማች ነው ያደገች።

ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ዘንድሮ ለአጨዳ የመጡ ሳሉጎች፣ እንደ ፊልሙ ሰውዬ ያሉ የቀን ሠራተኞች፣ ተደርድረው ነበር። መጀመሪያ ላይ እነሱም ስቀዋል። ሊፍቱ ጋ ሲደርስ ግን አንደኛው ላስቲክ ጫማውን በእግሩ ፈልጎ አጠለቀና ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

«አትከልሉና! ሊወጣ የሚመጣ ሰው ደግሞ ምን ይሉታል?» አለ አንዱ ከኋላ።

የትናየት ፊልም አዋቂ አይደለችም። ያገኘችውን ታያለች፣ ዓርብ ዓርብ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ያየችውን ትናገራለች። ሰሞኑን ግን «ኮሜዲ ድራማ» የተባለ ሁሉ ያበሳጫት ጀምሯል። እስከ ግማሹ ያስቋችኋል። ቀልዱ ሲያልቅባቸው አንዲት እናት ሆስፒታል ያስገባሉ፣ ዋሽንት ይነፋል፣ የተጣላ ሁሉ ኮሪደር ላይ ይታረቃል። ያለፈው ሳምንት እንደዚህ ነበር። የዛሬውም ያው ሆነ። ይባስ ብሎ እናትየዋ ስትታመም የቀን ሠራተኛው ከፊልሙ ጠፋ። የት ገባ ያለ የለም።

ሲወጡ ሙቀቱ ገና አልበረደም።

«እህስ፣ እንዴት አየኸው?» አለችው።

«አሪፍ ነው።»

«የእውነትህን ነው?»

«ስስቅ አላየሽኝም እንዴ?»

«አይቼሃለሁ። ለዚያ ነው የምጠይቅህ።»

ኪዳን ቆመ። «የትናየት፣ በእናትሽ ተይኝ። ነገ አሪፍ ነው በይና እለፊው። ሌላ ነገር ካልሽ ሁሉም ዞሮ እኔን ነው የሚያይ።»

ብግን ብላለች። የተናደደችው በፊልሙ ይሁን በኪዳን ወይም አብራ በሳቀችው በራሷ፣ መለየት አቃታት።

በማግሥቱ ጠዋት ኪዳን ገና የክፍሉን በር ሲያልፍ ከኋላ ወንበር ጮኹበት። «ሳጥኑ ሰው ዋጠ!»

ሙድ እየያዙበት እንደሆነ ገብቶታል። ግን አልተቆጣም። በሩ ላይ ቆመ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነና እሱም አስመሰለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የትናየት አንገቷን ደፋች። ኪዳን ያስመሰለው ተዋናዩን አልነበረም። ድምፁ፣ አጎታተቱ፣ «ኧረ» ሲል ትንፋሹን የሚስብበት ሁሉ ቁርጥ ጋሽ ትዕዛዙን ነው።

በእረፍት ሰዓት የሚኒ ሚዲያው ሰብሳቢ ደምለው እየሮጠ መጣ። «የአንችን አሳጥሪውና ኪዳንን አቅርቢልን። በማይክ ያስመስለው፤ ግቢው በሳቅ ነው የሚያልቅ!»

ኪዳን ተስማምቶ፣ ጠባቧ የሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ ጉሮሮውን እየጠረገ ተቀምጧል።

«ትፈልጋለህ?» አለችው ጠጋ ብላ።

«እነሱ ከሚሉኝ ራሴ ብለው አይሻልም?»

ደምለው ማይኩን ከፍቶ ሰጣት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የትናየት ነኝ። ትናንት አንድ ፊልም አየሁ። ሳቅሁ፤ ብዙ ነው የሳቅሁ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው እናትየዋ ታመመች።»

ውጭ ሳቅ ተሰማ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያ የቀን ሠራተኛ ስሙ ማን ነው? ያያችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔ ሳስበው አደርሁ። ሹፌሩ ስም አለው። ዘበኛው ስም አለው። ውሻው እንኳ ቦቢ ይባላል። እሱን ግን ‹አንተ› ብቻ ነው የሚሉት። ያን ሁሉ ሰዓት ስንስቅበት ቆይተን ስሙን አናውቀውም። እኔም እስኪያልቅ ድረስ ልብ አላልሁም።»

ደምለው በጣቱ ወደ ኪዳን ጠቆማት። ኪዳን ብድግ ብሎ ሸሚዙን አስተካከለ።

«ለዛሬው ይኸው ነው» አለችና ማይኩን ዘጋችው።

«ምን ሆነሻል?» ደምለው ጮኸባት። «ሰው እኮ እየጠበቀ ነው! ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ እወቂው!»

«እሽ።»

ኪዳን ፊቱ ቀልቷል። «ተናገሪልኝ አላልሁሽም።»

«አላልኸኝም።»

«እና ምን አገባሽ?»

«ከፈለግህ ክፍል ውስጥም ሜዳ ላይም አድርገው፤ አልከለክልህም» አለችው። «እኔ ግን አላቀርብህም።»

ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሜዳው ላይ አሁንም እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው የሚያስመስሉ ልጆች ነበሩ። ሲያዩዋት ባሰባቸው። ከኋላዋ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ፤ የኪዳን ኮቴ ነበር። አልጠራትም፣ ሊደርስባትም አልቸኮለም።

ዞራ አላየችውም። እርምጃዋን ብቻ ቀነስ አደረገች።