የምንዋጋው እንስራ

የራዲያተሩን ውሃ ስቀይር አየሩን አላስወጣሁም። የተበላሸው ይሄ ነው።

የቀረውን ላታምኑኝ ትችላላችሁ። ግድ የለኝም፤ እኔ ቦታው ላይ ነበርኩ። ባለፈው የካቲት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሰቆጣ ወደ ደሃና በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ የሆነ ነገር ነው።

ጨለማ አልነበረም። ጅብም አልጮኸም።

ቀን ነበር... ፀጥ ያለ ቀን።

ሥራዬ ክትባት ማድረስ ነው። የበረዶ ሳጥኑን ሞተር ሳይክሉ ኋላ ላይ አስሬ፣ መኪና ወደማይገባባቸው ቀበሌዎች እወጣለሁ። ሁልጊዜ ብቻዬን ነኝ። ከሞተሩ ድምፅ ሌላ ምንም ሳልሰማ የምውልበት ቀን አለ።

የዚያን ቀን ጠዋት ኩላንቱ፣ የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ፣ ጠቁሮ ስላገኘሁት ራሴ ቀየርኩት። አዲሱ ሲሞላ ክዳኑን ሳይዘጉ ሞተሩን ማስነሳትና አረፋው እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። አውቃለሁ። መጠበቅ ግን አልወድም። ሞላሁ፣ ዘጋሁ፣ ሄድኩ።

ዳገቱን ስጋምስ ቀዩ የሙቀት መብራት በራ።

አቁሜ ወረድኩ። የላይኛው ቱቦ እጅ ያቃጥላል፤ የታችኛው ቀዝቃዛ ነው። ውሃው አይዞርም ማለት ነው። መሐል ላይ አየር ታፍኗል።

ስልኬ ጠራ። ትእዛዙ ነበር፤ የምሄድበት ጤና ኬላ ባለሙያ።

«የት ደረስሽ?»

«ጋለብኝ።»

«ሞተሩ ነው አንቺ?»

«ትእዛዙ፣ አሁን ቀልድ አልፈልግም።»

«እሺ፣ እሺ። እናቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ልጅ አዝለው ተቀምጠዋል። አንዷማ ወንዝ ተሻግራ ነው የመጣችው። ዛሬ ባዶ እጃቸውን ከሸኘናቸው ሁለተኛ አይመጡም... በረዶውስ?»

ሳጥኑን ዳሰስኩት። «እስኪመሽ ይይዛል።»

«እንግዲያው ፍጠኚ።»

እኔን ፍጠኚ ማለት!

ሞተሩ ትንሽ ሲበርድ ክዳኑን በጃኬቴ ይዤ ፈታሁት። እንፋሎቱ ወጣ። ውስጡ ጎድሏል። የምጠጣውን ውሃ በሙሉ ጨመርኩበት... አልበቃውም። በአካባቢው ምንጭ የለም። ማዶ ካለች አንዲት የሣር ክዳን ጎጆ ሌላ ቤትም አይታይም።

መታጠፊያው ላይ ግን የምንዋጋው እንስራ ነበር።

ምንዋጋው እዚያ መታጠፊያ ላይ የሞተ ወጣት ነው። አበርገሌ ቆላ ወርዶ ወባ ያዘው። በእግሩ ሲመለስ፣ የእናቱ ጎጆ ማዶ እየታየው ወደቀ። ውሃ... ውሃ... እያለ ነው የሞተው ይባላል። እናቱ እማማ ወለተ ሰንበት በወደቀበት ቦታ ድንጋይ ክበው እንስራ አስቀመጡለት። ጠዋት ጠዋት ይሞሉታል። መንገደኛ ሁሉ ይጠጣል።

ደንቡ አንድ ነው። ከመጠጣትህ በፊት የመጀመሪያውን ቅል መሬት ላይ ታፈሳለህ። «ምንዋጋው፣ ቅደም» ትላለህ።

እኔም ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ ሰው አጠገቤ ሲኖር፣ ለይሉኝታ። የዚያን ቀን ማንም አልነበረም።

እንስራውን አቅፌ ወደ ሞተሩ ወሰድኩት።

አላፈሰስኩም። ቅደምም አላልኩም።

ያ ሁሉ ፀሐይ እያለ ውሃው እጅ ይቆረጥማል። እንስራ ያቀዘቅዛል ብዬ ተውኩት።

ሞተሩን ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙሬ አስነሳሁ። መጨመር ጀመርኩ። አረፋው ወጣ፤ ፏ... ፏ... አለና አቆመ። ደስ አለኝ። የታፈነው አየር ወጣ ማለት ነው።

ውሃው ግን መግባቱን አላቆመም።

ያ ራዲያተር ሁለት ሊትር እንኳ አይይዝም። እኔ የእንስራውን እኩሌታ ጨምሬያለሁ። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። የሚያፈስ ነገር የለም። መሬቱ ደረቅ ነው።

ሞተሩን አጠፋሁት... ለመስማት።

የመዋጥ ድምፅ ነበር።

ጎንጨት... ጎንጨት... ከዚያ ፋታ። ትንፋሽ እንደሚወስድ ሰው። ከዚያ እንደገና።

እጄ አሁንም ውሃ እየጨመረ ነበር። ማቆም እችል ነበር፤ ግን እናቶቹ ይጠብቁኛል፣ በረዶው ይቀልጣል። የመጨረሻው ጠብታ ሲገባ ውሃው አፉ ድረስ ሞልቶ ቆመ።

ክዳኑን ዘጋሁ። ባዶውን እንስራ ቦታው መለስኩና ሄድኩ።

ቀዩ መብራት ሁለተኛ አልበራም። ረጅሙን ዳገት ሳልቆም ወጣሁት። በዚያ ዳገት ሁልጊዜ ጉልበቴን የሚጠብሰኝ ሙቀት አልመጣም። ፋኑም አልተነሳም። አናቱ ላይ ቆሜ ሞተሩን በባዶ እጄ ነካሁት።

እንደ እንስራ ሆድ ቀዝቅዟል።

ጤና ኬላው ስደርስ እናቶቹ ከግድግዳው ጥላ ሥር ተነሡ። ትእዛዙ እየሳቀ ሳጥኑን ፈታ።

«መጣች! እናንተ ደግሞ አትመጣም ስትሉ...»

ክዳኑን ከፈተ። ሳቁ ቆመ።

የበረዶ መያዣዎቹ ፕላስቲኮች ወደ ውስጥ ተጨማድደዋል። አንዱን አነሣሁ፤ ምንም አይከብድም። ክዳኑ እንደጠበቀ ነው። ውስጡ አንዲት ጠብታ የለችም። የቀለጠ ውሃ ከሥር ፈልጌ ጣቴን አስገባሁ። ደረቅ ነው።

ትእዛዙ አንድ የክትባት ብልቃጥ ወደ ብርሃኑ አነሣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

«ባዶ ነው የሰጡሽ?» አለ በሹክሹክታ።

«ጠዋት በእጄ ነው የደረደርኩት። ሙሉ ነበር።»

«ማሸጊያው እኮ አልተነካም...»

«አያለሁ።»

«ታዲያ?»

ሳጥኑን ዘግቼ እንደገና ሞተሩ ላይ አሰርኩት።

ለእናቶቹ እሱ ነገራቸው። ወንዝ ተሻግራ የመጣችው ሴት ልጇን እንደገና አዘለች። አንድ ጊዜ አየችኝና ወደ ወንዙ መንገድ ወረደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እደሪ» አለ ትእዛዙ። «ደህና አትመስዪም።»

«አላድርም።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰቆጣ ለመግባት ነበር ሐሳቤ። ሞተሩ በቁልፍ ተነሣ፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ደህና ሄደ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ግን ራሱ ጠፋ። ቁልፉ እንደበራ ነው። ነዳጅም አለው።

እማማ ወለተ ሰንበት ባዶ እንስራቸው አጠገብ ቆመው ነበር።

«የመርፌዋ ልጅ» አሉ። «አንቺ ነሽ ያነሣሽው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ። ሞተሩ ግሎብኝ ነው። ነገ ራሴ እሞላልዎታለሁ።»

«ለሞተሩ ነው የሰጠሽው?»

«አዎ።»

«ቅደም አልሽው?»

«...አላልኩም።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ቀስ ብለው ቀረቡና መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ። የታመመ ልጅ ግንባር እንዲህ ነው የሚነካው።

«ትኩሳቱ ለቆታል» አሉ በሹክሹክታ።

ከሞተሩ ላይ ወረድኩ።

«ጠጣ?»

«እማማ...»

«ጠጣ ወይ ነው የምልሽ።»

«ጠጣ።»

«ብዙ?»

«እንስራውን ሙሉ» አልኩ። «ከዚያ በላይም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ስሞላ፣ መንገደኛ ነው የሚጠጣው። መሬት ነው የሚጠጣው። እሱ ጠጣ ያለኝ አንድ ሰው የለም።»

ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብለው በኽምጣንጋ ማውራት ጀመሩ። እኔ ቋንቋውን አልሰማም። ስሙን ብቻ ለየሁት። ምንዋጋው... ምንዋጋው...

«ነይ፣ አስገቢልኝ» አሉ ቀና ብለው። «ቤቱ ይግባ።»

ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት መከራከር ስለደከመኝ ነው። ምናልባት ከዚያ ሞተር ላይ እንደገና መቀመጥ ስላልፈለግሁ።

ወደ እማማ ጎጆ የሚያወጣው የእግር መንገድ ድንጋያማ ነው። እንኳን ሞተር መግፋት ባዶ እጅም ያስለከልካል። እኔ ግን መሪውን ብቻ ነበር የያዝኩት። አልገፋሁም።

ከሚሄድ ሰው ጎን መሄድ ነበር።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አንድ መደብ፣ አንድ ትራስ፣ ጥግ ላይ የውሃ ጄሪካን። እማማ ሞተሩን ከመደቡ አጠገብ አስቆሙኝ። የበረዶ ሳጥኑን ፈትቼ ያዝኩ። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነበር።

«እርስዎስ?» አልኩ።

«እኔማ ዛሬ ብቻዬን አላድርም።»

ወደ በሩ ስዞር ድምፁ ጀመረ።

ጎንጨት... ጎንጨት... ፋታ።

«ቀስ በል» አሉ እማማ ከኋላዬ። «ቀስ በል ልጄ... ያንቅሃል።»

ዞሬ አየሁ።

እማማ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ጄሪካኑ ጥጉ ላይ እንደነበረ አለ፤ ማንም አልነካውም። ክዳኑም ጥብቅ እንዳለ ነው።

ጎኖቹ ግን ወደ ውስጥ እየገቡ ነበር... በየጎንጨቱ።

ወጣሁና በሩን ዘጋሁባቸው።