እቶኑ ሲከፈት

መጠበቅ አልወድም። ሰልፍ አልወድም፣ ሻይ እስኪበርድ አልታገስም፣ መጽሐፍ የምጀምረው መጨረሻውን አይቼ ነው። አክስቴ «የሰባት ወር ልጅ!» እያለች ነው ያሳደገችኝ። እንግዲህ እኔን የመሰለች ችኩል ሴት ከሥራ ሁሉ መርጣ የያዘችው በእቶን መስታወት ማቅለጥ ነው።

ሥራው ለማያውቀው እንዲህ ነው። ባለቀለም መስታወት እቆርጣለሁ፣ ቁርጥራጩን በሸክላ ጠፍጣፋ ላይ እደረድራለሁ፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ እቶኑ ውስጥ አስገብቼ ክዳኑን እዘጋለሁ። ስምንት መቶ ዲግሪ ሲደርስ ሁሉም አንድ ይሆናል። አስቸጋሪው ማሞቁ አይደለም፤ ማቀዝቀዙ ነው። ወፍራም ሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል። ክዳኑን ቀድመው ከከፈቱት ቀዝቃዛ አየር ይነካውና ይሰነጠቃል። እነዚያን ሁለት ቀናት መቆሚያ መቀመጫ አጥቼ ነው የማሳልፋቸው።

አናጢው የመጣው ለሕፃናት ክሊኒክ መግቢያ የምሠራውን ትልቅ መስታወት ፍሬም ሊሠራልኝ ነው። ያገኘችልኝ አክስቴ ናት፤ የወጥ ቤቷን በር ሠርቶላት ነበር። ገባ፣ ሰላም አለኝ፣ ሜትሩን ዘርግቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሥራ ለካ። ደግሞ ለካ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊለካ ሲያጎነብስ አላስቻለኝም።

«እስካሁን አላደገም እኮ!» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?»

«የዘገየስ ምን አገኘ?»

«ሲነዘነዝ ዋለ» አለና ሦስተኛውን ለካ።

የሳምንት ሥራ ወር ፈጀ። እኔም፣ የሰባት ወሯ ልጅ፣ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

እሱ ግን ይጠይቃል። «ይሄን ቀለም ከየት አመጣሽው?»

«ከጎረቤታችን ሳፋ። ልብስ ስታጥብ አረፋው ላይ አየሁት።»

«ይሄኛውስ?»

«ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ።»

ሳቀብኝ። በማግስቱ ግን በመላጊያ የላገውን ስስ የእንጨት ፍቅፋቂ ይዞ መጣ። በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ «ይሄስ ቀለም ይሆናል?» አለኝ። ማር ይመስል ነበር። ፍቅፋቂውን የማይ መስዬ ጣቶቹን አየሁ። ወድጄዋለሁ ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ። በዚያ ሳምንት የከተማውን መስታወት መደብር ሁሉ አዳርሼ ያንን ቀለም አገኘሁትና ከሥራዬ መሃል አስገባሁት።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ዓምና ያመለከትኩበት፣ በሌላ ከተማ ያለ ትልቅ የመስታወት ጥበብ ማሠልጠኛ ለሁለት ዓመት ተቀብሎኛል። አክስቴ በደስታ አቀፈችኝ። እኔ ደብዳቤውን ይዤ ወደ አናጢው ሮጥኩ። «አትሂጂ» ይበለኝ፣ «አብሬሽ ልምጣ» ይበለኝ፣ ብቻ አንድ ነገር ይበለኝ። እኔ እንደምወደው አውቃለሁ፤ እሱ ይወደኝ እንደሆነ ግን አንድም ቀን ከአፉ አልወጣም።

ደብዳቤውን አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«መልስ የሚፈልጉት መቼ ነው?» አለ።

ቀን ጠየቀኝ! ደሜ ፈላ። «መልሴን እቶኑ ሲከፈት ትሰማለህ» ብዬው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት የክሊኒኩን መስታወት እቶን ውስጥ አስገባሁ። የሚከፈተው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ስወጣ ስገባ ዋልኩ፤ የጠረግኩትን መደርደሪያ መልሼ ጠረግኩ። አክስቴ «ወይ ውጪ ወይ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ!» ስትለኝ ለማሠልጠኛው መመዝገቢያ ፎቶ ልነሳ ወጣሁ። አናጢው የሥራ ክፍሌ ውስጥ ፍሬሙን እያለሰለሰ ነበር።

«እቶኑን እንዳትነካ» አልኩት።

«ምን ቆርጦኝ» አለ።

ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። ፎቶውን ከተነሳሁ እሄዳለሁ፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። የሥራ ክፍሌን በር ስከፍት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእቶኑ ክዳን በቁራጭ እንጨት ተደግፎ ሁለት ጣት ያህል ተነስቷል። የሙቀት መለኪያው ገና ሁለት መቶ አርባ ላይ ነው። አናጢው አጠገቡ ቆሞ ቁና ቁና ይተነፍሳል።

አጎንብሼ በክፍተቱ አየሁ። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ተሰንጥቋል።

«ምን አደረግክ?»

«ትንሽ ንፋስ ቢገባው ቶሎ ይበርዳል ብዬ...»

«አንተ? አንዲት ሳንቃ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን የምትፈጅ ሰው?»

«መልሴን ሲከፈት ትሰማለህ አልሽኝ» አለ። «እስከ ነገ መቆየት አቃተኝ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። አትሂጂ እንዳልልሽ፣ ይሄን ሙያሽን ማን ጨክኖ ያስተውሻል? አብሬሽ ልሂድ እንዳልል፣ ማን ጠራህ ብትዪኝስ? እንጨት የትም አገኛለሁ። አንቺን ግን የትም አላገኝም።»

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የወጣው ለቅሶ ነው። ለክሊኒኩ ምን እላለሁ? ማሠልጠኛው አንድ ወር እንዲታገሠኝ መለመን አለብኝ፤ ያን ሁሉ ቀለም እንደገና መቁረጥ አለብኝ። ተናድጄ ነበር፣ በጣም ተናድጄ ነበር። ግን ይህ የማይቸኩል ሰው በእኔ ምክንያት ቸኩሏል። ይወደኛል። ደስታዬን የምደብቅበት ቦታ አጣሁ።

አክስቴ ለቅሶዬን ሰምታ ብቅ አለች። የተደገፈውን ክዳን አየች፣ እንባዬን አየች፣ ወደ አናጢው ዞራ ዓይኗን አጉረጠረጠችበት።

«ምንድን ነው? ተጣላችሁ?»

«አይ እትዬ» አልኳት አፍንጫዬን እየጠረግኩ፤ «ልንጋባ ነው።»

አናጢው የሚገባበት ጠፋው። «እኔ እኮ... ገና አልጠየቅኳትም» አለ።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ጠይቃታ!» አለች አክስቴ።

ወደ እኔ ዞረ። ከሱሪው ላይ አቧራውን አራገፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«አንቺ...» ብሎ ጀመረ።

«እሺ!» አልኩት።