በጠመኔ የተሳለው ባትሪ

«ጂንሴን ቆረጥሽው?»

ወንድሟ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ተገትሯል። ሚጢጢ ቀና ብላም አላየችው። የሱሪውን የኋላ ኪሶች በመቀስ ቆርጣ ግድግዳው ላይ በሚስማር መትታቸዋለች፤ በአንዱ ኮምፓስ፣ በሌላው ክብሪትና ሰንጢ ከታለች።

«ከጠበበህ ቆይቷል።»

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«አንተስ ባትሪዬን ስትወስድ ጠይቀኸኛል?»

ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሰሞኑን በዚህ ቤት ሌላ ወሬ የለም። ሚጢጢ የትምህርት ቤቱ የተራራ ጉዞ ክበብ አባል ናት። ሚጢጢ የሚለው ስሟ የልጅነት ነው እንጂ ዛሬ በቁመት እናቷን በልጣለች። ካለፈው ጉዞ ስትመለስ ግንባር ላይ የሚታሰረው ባትሪዋ ጠፋ፤ «እሱ ነው የሸጠው!» ብላ ቤቱን ቀወጠችው። ልብስ ሰፊዋ እናታቸው ፈረደች፤ ባትሪው እስኪገኝ ልጁ ኳስ አይጫወትም። ወደ ሚጢጢም ዞራ፣ «በሐሰት ከሆነ የከሰስሽው ደግሞ፣ ተራራ የሚባል ነገር አታዪም» አለቻት።

ዛሬ ከሰዓት የሰፈሩ ቡድን ለዋንጫ ይጫወታል፤ በረኛው ወንድሟ ነው። የሚጢጢ ጉዞ ደግሞ የፊታችን ቅዳሜ ነው።

እናቷ «ይህን ጓዝሽን ዛሬ ካላስተካከልሽ አውጥቼ ነው የምጥለው» ስላለቻት፣ ሚጢጢ ከጠዋት ጀምራ ቤት ውስጥ የተጣለውን ሁሉ ለቃቅማለች። የቲማቲም ሳጥኑ ለጫማ ሆነ፣ አፉ የተቆረጠው ጀሪካን ለድንኳን ካስማ። ገመዱን የተሰበረ መጥረጊያ እጀታ ላይ ጠቀለለችው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው በእያንዳንዱ ዕቃ ዙሪያ በጠመኔ አስምራለች፤ አንዱ ቢነሳ ባዶው ቦታ ያሳብቃል። በሩ ፊት ለፊት፣ የገባ ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ አንድ ባዶ ሚስማር አለ። እዚያ ባትሪ ስላ ከሥሩ «ሌባው ሲመልሰው» ብላ ጽፋለች።

ወንድሟ አነበበው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«ሌባ ካልሆንክ ምን አናደደህ?»

«አልወሰድኩም! ስንት ጊዜ ልማልልሽ?»

«ብትምልስ ማን ያምንሃል?»

ሳጥኑን በእርግጫ ብሎት ወጣ። ጫማዎቹ ተበታተኑ።

«ና አስተካክለው!»

«ሞኝሽን ፈልጊ!»

ሚጢጢ በንዴት እየተንጨረጨረች ጫማዎቹን መለሰች። አሁን የቀራት የመኝታ ከረጢቷ ብቻ ነው። ጠቅልላ አሮጌ የትራስ ልብስ ውስጥ ስትጠቀጥቀው፣ ከእግርጌው በኩል ደረቅ ነገር እጇን ነካት። ከረጢቱን ፈታ እጇን ሰደደች።

ባትሪው ነው።

ክው አለች። ጉዞው ላይ ጓደኞቿ «አጥፊው፣ እንተኛበት» ሲሏት ከረጢቷ ውስጥ ተሸፍና ስታነብ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ጠዋት ሳታየው አብራ ጠቅልላዋለች።

መልሳ ብትከተውስ ማን ያውቃል? ከጉዞው በኋላ «አገኘሁት» ትላለች፣ አለቀ። ደግሞም ይበለው! ሳጥኗን በእርግጫ እስከመምታት የደረሰ ልጅ ነው። ባትሪውን ከረጢቱ ውስጥ መልሳ ወተፈችው።

ከደጅ የልጆች ጫጫታ ተሰማ።

«በረኛ! በቃ አትመጣም?»

«አልመጣም አልኩ እኮ! ሂዱ!» አለ ወንድሟ። ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ። ሚጢጢ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ እንባውን ሲውጥ እንዲህ ነው።

እጇን እንደገና ከረጢቱ ውስጥ ሰደደች። ባትሪውን አወጣችና ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። ከስዕሉ ጋር ልክክ አለ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ልታጠፋ መዳፏን አነሳች፤ ከዚያ፣ የመለሰችው እሷው ናትና፣ ተወችው።

«እማዬ!» ብላ ተጣራች። «ስፌቱን አቁሚና አንዴ ነይ። አንተም ና!»

«ሞኝሽን ፈልጊ ብዬሻለሁ!»

በጎን ካለው ክፍል ሲንጣጣ የቆየው የስፌት መኪና ቆመ።