ልብ ይቅደም ወይስ አንገት

ዘለቃሽ ሥርዋኞቹን ለብ ባለ የጨው ውሃ አንቅታ ስትጨርስ መርከቧ መልሕቋን ጥላ ነበር። ሥርዋኝ የሚሏቸው ከጤፍ ፍሬ ያነሱ መሣሪያዎች ናቸው፤ በደም ሥር ውስጥ እየዋኙ የሰሙትን ድምፅ ይልካሉ። ሐይቁን እየዞረች በምታክመው በዚህች መርከብ ላይ ዘለቃሽ ሃያ ዓመት ሙሉ ያዳመጠችው እሱኑ ነው። አስተማሪ አልነበራትም። ለጽዳት ሥራ ገብታ፣ የሰው ደም ሲሄድ እየሰማች፣ ጤነኛውን ከታመመው መለየት ለመደች።

የዚያን ቀን ታማሚ አቶ ቢምረው ነበሩ፤ ከሦስት ቀን በፊት የተሳፈሩ፣ የሰባ ሁለት ዓመት መረብ ጠጋኝ። ልባቸውን የሚመግቡት ደም ሥሮችም፣ ወደ አንጎል የሚወጣው የግራ አንገታቸው ሥርም ጠበዋል። እንዲህ ያለ በሽተኛ ለሐኪም ፈተና ነው። ልቡን ቢያስቀድሙ መሐል ላይ አንጎሉ ደም አጥቶ ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። አንገቱን ቢያስቀድሙ የደከመ ልቡ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሊቆም ይችላል። ሁለቱን በአንድ ላይ መሥራትማ አደጋን በአደጋ ላይ መደረብ ነው።

ቅደም ተከተሉን የሚወስነውም፣ ቢላዋውን የሚይዘውም ልከኛ ነው፤ የመርከቧ አሳቢ ማሽን። ሥርዋኞቹ በአቶ ቢምረው ደም ሥር ገብተው አንገታቸውን እንዳለፉ ፈረደ፦ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም አነስተኛ ነው፤ አንገት ይቅደም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ።

የዘለቃሽ ጆሮ ግን አልተቀበለውም። የጠበበ ሥር ያፏጫል፤ የሳቸውም ያፏጫል፤ ግን ለእንዲያ ያለ ፍርድ የሚያበቃ አልነበረም። ደሙ በጤነኛው በቀኝ በኩልም ይጎተታል፣ በበጋ እንደሳሳ ወንዝ። ልባቸው ደግሞ በየጥቂት ምቱ ይደናቀፋል። ለመርከቧ ሐኪም ለዶክተር ነኢማ ነገረቻት። ዶክተሯ ልከኛ አርባ ሺህ አንገት ማየቱን አስታወሰቻትና ጥቂት አሰበች።

«ግማሽ ሰዓት አለሽ፣ እቴ» አለቻት። «ምክንያት ይዘሽ ነይ። ጆሮዬ ብለሽ ግን አትምጪብኝ።»

ዘለቃሽ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። የጎን አልጋው ሰውዬ ግን ፊቱ ወዝ አውጥቷል፤ ከሁለት ትሪ እየበላ፣ ከሁለት ኩባያ እየጠጣ መክረሙን ያኔ አስተዋለች።

«አባቴ፣ ውሃ ከቀመሱ ስንት ቀን ሆነዎት?»

«ይሄ ይጠየቃል?»

አይጠየቅም። ሰው በግሉ የያዘውን ጾም አይናገርም፤ እሷም ለማንም የማትነግረው አላት። ከአልጋው ጠርዝ ግን አልተነሳችም።

«እህል ውሃ ካልኩ ሁለተኛ ቀኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ካወራሽብኝ ግን ከንቱ አስቀረሽኝ።»

ስለ ምን እንደያዙት ጠየቀቻቸው። ጆሮዋ ጋ ጠጋ ብለው ነገሯት። ከዚያ በክንዳቸው ደም ሥር ፈሳሽ ልትሰጣቸው እንደምትፈልግ ስታስረዳቸው ተጠራጠሩ።

«ጾም አያስገድፍም?»

«ጉሮሮ ያላለፈ ምኑ ይቆጠራል?»

ፈገግ ብለው ክንዳቸውን ዘረጉላት።

ለዶክተሯ ፈሳሽ አንሷቸው እንደነበር ብቻ ነገረቻት። ዶክተር ነኢማ እሷም ጿሚ ናት፤ አይታት፣ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ፈሳሹ ሲገባ ደሙ ሞላ፤ አንገታቸው የሚታገሥ ሆነ፤ ልባቸው ግን ያው። ልከኛ እንደገና ለክቶ ፍርዱን ገለበጠ፦ ልብ ይቅደም፤ አንገት ከአራት ሳምንት በኋላ። አስቀድሞ አንገት ተነክቶ ቢሆን ልቡ ሊቆም ይችል እንደነበርም አልደበቀም።

ቀዶ ጥገናው አራት ሰዓት ፈጀ። አቶ ቢምረው ነቅተው ቀኝና ግራ እጃቸውን አነሱ፤ የመረባቸውንም ነገር ጠየቁ።

ዘለቃሽ ሥርዋኞቹን ስታጥብ ልከኛ በጆሮዋ ማዳመጫ አናገራት።

«ትሪያቸውን ለጎረቤታቸው ሲሰጡ አይቻለሁ። ደግነት ብዬ መዘገብኩት። ጾም ነበር?»

የአዛውንቱን ምስጢር ማውጣት ከበዳት። ነገሩ ግን የሱም ነበር።

«ጾም ነበር።»

«ስለ ምን?»

«የሚቆርጠኝ እጅ እንዳይስት ብለው።»

«የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ።»

«አዎ። ስለ አንተ ነው የጾሙት።»

አርባ ሺህ አንገት በቅጽበት የሚያመዛዝነው ማሽን ቀጥሎ የተናገረው፣ ዘለቃሽ እጇን አድርቃ፣ ዕቃውን ሁሉ ቦታ ቦታው መልሳ ከጨረሰች በኋላ ነው።

«ይህን የት ልመዝግበው?» አለ።

«አትመዝግበው» አለችው። «ያዘው ብቻ።»