በጥላ የተመረጠ ክር

ይህ ተረት አይደለም። ግማሹን ጎረቤቴ ሻሺቱ ነገረችኝ፤ ግማሹን ራሴ ቆሜ አይቻለሁ።

ግንቦት 2006 ዓ.ም.። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ! ጨለማ የምትጠብቁ ካላችሁ አትጠብቁ።

ሻሺቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ቤቷ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ነው። ክር ስትመርጥ ያያት ሰው ለልጇ ባል የምትመርጥ ይመስለዋል። ጥቅሉን ይዛ ወደ በረንዳ ትወጣለች፣ አንድ ዘለላ ትመዛለች፣ ጨርቁ ላይ አጋድማ ዓይኗን ታጠባለች።

«ጥላ ውስጥ ሁሉም ክር ይመሳሰላል» ትለኛለች። «ትክክለኛው ፀሐይ ላይ ስታየው ከጨርቁ ጋር የሚጠፋው ነው።»

ያለቻት አንድ ልጅ ናት። ቲጂ። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ የምትፈልግ፣ እስኪገኝ ድረስ በእኛ የምትስቅ። እኛ ደጋ ተወልደን አማርኛን ገበያ ላይ የለመድን ሰዎች «እሱ» እና «እሷ» ሲምታታብን ቲጂ ሆዷን ይዛ ትንፈራፈራለች። በእኔማ ስንቴ!

ታዲያ ያን ቀን አንዲት ሴት መጣች።

«ዓለምጸሐይ እባላለሁ። ከገረሴ ነኝ።»

ጃንጥላዋን ቤት ውስጥ ገብታም አላጠፈችም። በዚያ ሙቀት እጅጌዋ እስከ ጣቷ ይደርሳል። ላብ ግን... ጠብ አላለም።

«ክር ፈልጌ ነበር። የማይታይ።»

«ጨርቁን አሳዪኝ።»

«ረሳሁት።» ቲጂን አየቻት። «ቀለሙ ግን... ልክ እንደሷ ክንድ ነው።»

ቲጂ ሳቀች። «እኔ ቴትሮን ጨርቅ ነኝ እንዴ?» ብላ ክንዷን ዘረጋችላት። «ይኸው፣ ለኩኝ!»

ሴትዮዋ ከየጥቅሉ አንድ አንድ ዘለላ እየመዘዘች የቲጂ ክንድ ላይ ታጋድም ጀመር። ቀስ ብላ... ቆዳውን እንዳይጎረብጠው እየተጠነቀቀች።

«ጥጥ ይሁን ፖሊስተር?» አለች ሻሺቱ።

«ጥጥ ይበጠሳል። ስትቀመጥ፣ ስትነሳ የማይበጠስ ይሁን።»

«ማን ናት የምትቀመጠው?»

ሴትዮዋ ዘለላውን ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«...ልብሷ።»

ሻሺቱ እንደኛው አማርኛ ተምታቶባት ነው ብላ ልታልፈው ነበር። ግን ጨርቁን የረሳ ሰው ቀለሙን እንዴት እንዲህ ያስታውሳል?

እጇ ወደ ትክክለኛው ጥቅል ሄዶ... ተመለሰ።

አጠገቡ ያለውን አንስታ ሰጠቻት። ቀላ ያለውን። በጥላ ሁለቱ መንታ ናቸው፤ ፀሐይ ላይ ግን አንዱ ስፌቱን ያጋልጣል።

ሴትዮዋ ወጥታ አላየችውም።

«ይኸው ነው» ብላ ሹክ አለች። ሄደች።

ሐሙስ ዕለት ቲጂ ምዕራብ ዓባያ፣ አጎቷ ኤርጫፎ ዘንድ ሄደች። ቅዳሜ ልትመለስ።

ዓርብ ተመለሰች።

ሻሺቱ የልብስ ቁልፍ ልትገዛ ወጥታ ስትመጣ፣ ጓዳው አጠገብ ጨለም ያለው ጥግ ቁጭ ብላ አገኘቻት። ሻንጣ የለም። እጅጌዋ ረጅም ነው።

«ውይ! ነገ አልነበር የምትመጪው?»

«ናፈቅሽኝ።»

«ኤርጫፎ ደህና ነው?»

«ደህና ናት።»

ሻሺቱ የገዛችውን ቁልፍ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ቲጂ? እኛ ላይ ስትስቅ የኖረችው ቲጂ?

«ውሃ... ልስጥሽ?»

«ያረጥበኛል።»

ሻሺቱ እንደምንም ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«እስቲ ነይ የኔ ልጅ፣ በረንዳ ውጪ። ክር አብረን እንምረጥ።»

«አልወጣም።»

«ለምን?»

«ፀሐይ አለ።»

እጅጌዋን ወደ ጣቷ ሳበች። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ...

«አውቀሽ ነው አይደል፣ ቀላ ያለውን የሰጠሻት?»

የሻሺቱ ስልክ ጮኸ።

«ቲጂ» ይላል።

«እማዬ! መናኸሪያ ነኝ። አንድ ቀን ቀድሜ መጣሁ። አጎቴ ሙዝ አሸክሞ ሊገድለኝ ነው፣ ቶሎ ነይ ተቀበዪኝ!»

ሻሺቱ በባዶ እግሯ በደጄ ስታልፍ ያየኋት ያኔ ነው። እኔ ደግሞ አመሌ ነው፣ «ሻሺቱ! ቤት ተቃጠለ ወይስ ባል ተገኘ?» አልኳት። እጄን ያዘችኝ። በዚያ ሙቀት መዳፏ በረዶ ነበር። ተከተልኳት።

ቲጂ መናኸሪያው መሀል፣ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ሙዙን ታቅፋለች። እጅጌዋ አጭር ነው።

ሻሺቱ የልጇን የእጅ አንጓ አየች። አንገቷን አየች። ከጆሮዋ ኋላ ፀጉሯን ገልጣ አየች።

ምንም የለም። አንድም የስፌት መስመር።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ሰው እያየን ነው እኮ!»

ሻሺቱ ሳቀች። አለቀሰች። እኔ ሙቀቱ ነው ያናወዛት ብዬ ባጃጅ ጠራሁ። መንገድ ላይ በጆሮዬ ሁሉንም ነገረችኝ። አላመንኳትም።

ቤቱ ጋ ስንደርስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል።

ከውስጥ የስፌት መኪናው ይሰማል።

ትርርር... ትርርር...

«ማነው ቤት ያለው?» አለች ቲጂ።

ሻሺቱ የልጇን አፍ በእጇ ያዘችው።

ያኔ አየሁት። በበሩ ሥር አንድ ክር ወደ ውስጥ ይገባል። ቀስ እያለ... መኪናው ሲሰፋ ይሄዳል፣ ሲያርፍ ያርፋል። ቀላ ያለው አይደለም። ጠይም ነው፤ ልክ እንደ ቲጂ ክንድ።

በዓይኔ ተከተልኩት። በረንዳውን አቋረጠ። ደረጃውን ወረደ። ወደኛ ይመጣል...

«እማዬ» አለች ቲጂ። አሁን አልሳቀችም። «ተረከዜን የሆነ ነገር ይስበኛል።»

ሻሺቱ ክሩን ረገጠችው።

መኪናው ቆመ።

ከበሩ ጀርባ፣ በቲጂ ድምፅ...

«እማዬ... ልቀቂው። ገና አላለቅሁም።»

ሻሺቱ እግሯን አላነሳችም። እንዲያውም ሁለተኛውን ደረበችበት።

ከእግሮቿ ሥር ግን ክሩ... ከቲጂ ተረከዝ እየተመዘዘ መሄዱን አላቆመም።